የአራት ደቂቃ መንገድ

የማነ እንደሚለው ኤልፍነሽ ከባቡሩ ሳትወርድ ቀርታ ጥላው ሄደች። ኤልፍነሽ እንደምትለው ደግሞ የማነ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ወርዶ ጥሏት ሄደ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ባቡርና ስለ አንድ ቀትር ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገር፣ ባሕር ዳር ከገደሉ ላይ ከተለጠፉት አምስት መንደሮች በአንዷ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ነሐሴ ላይ ሁለቱ እጮኛሞች ከሎስ አንጀለስ ተነሥተው ለእረፍት ሄዱ። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ከተመለሱ በኋላ ግን መነጋገር አቆሙ። አብረው መጓዛቸው አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦች ስላልተነገረ ወላጅ ጣልቃ እንዲገባ ማድረግ አይቻልም። እዚህም ለሽምግልና የሚበቃ ትልቅ ሰው ስላልነበረን እኔና ለገሠ ተጠራን። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የለገሠ ጢም ገና በደንብ አልበቀለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ሰፈር ካለው የኤልፍነሽ አፓርትመንት ተሰበሰብን። እሷ መስኮቱ ሥር፣ የማነ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጣሊያኖቹ እንኳ ወደኛ ሲመጡ ተባብረው ነው የመጡት» አለ ለገሠ። «እናንተ እነሱ ዘንድ ሄዳችሁ ትበታተናላችሁ?»

ማንም አልሳቀም።

«ኦኬ፣ ይቅር።»

መጀመሪያ የባቡሩን ነገር እንለይ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ሁለቱም የተቀመጡበትን ፉርጎ ምልክት አደረጉልኝ። የማነ ባሕሩን ለማየት ወደ ፊተኛው ሄዶ ነበር። ኤልፍነሽ ከሻንጣዎቹ ጋር መጨረሻው ላይ ነበረች። ሊያርፉባት ባሰቧት፣ ቬርናዛ በምትባለው መንደር መውረጃው አጭር ስለሆነ ባቡሩ ሲቆም የኋላዎቹ ፉርጎዎች ዋሻ ውስጥ ቀሩ። እሱ ጣቢያውን አይቶ ወረደ። እሷ ያየችው ጥቁር ግድግዳ ብቻ ስለነበር መንገድ ላይ የቆመ መሰላት። ቀጥሎ ያለችው ሞንቴሮሶ ስትደርስ ነው የወረደችው።

«ሶ ማንም ማንንም አልጣለም!» አለ ለገሠ። «በቃ፣ ተሳሳሙና ምሳ እንብላ።»

እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ከአንዷ መንደር ወደ ሌላዋ በባቡር አራት ደቂቃ ነው። እነሱ ደግሞ የተገናኙት በአራተኛው ቀን፣ የመልስ ጉዟቸው ከሚነሣበት ከጄኖቫ ጣቢያ ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ለምን አልሄድክም?» አልኩት።

«የጠፋ ሰው ባለበት ይቆማል። እናቴ መርካቶ ስትወስደኝ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ። ሁለታችንም ከተንቀሳቀስን እንተላለፋለን ብዬ ነው።»

«እኔ ነኛ የጠፋሁት» አለች ኤልፍነሽ። «ቆሜ ጠበቅኩህ። ባቡር በመጣ ቁጥር ከአግዳሚው እነሣለሁ። ባልና ሚስት ይወርዳሉ፣ ልጆች ኳስ ይዘው ይወርዳሉ። ሰዉ ሲያልቅ እቀመጣለሁ። ፍልሰታ ስለነበር ዳቦና ቲማቲሜን እዚያው እበላለሁ። በሁለተኛው ቀን የጣቢያው ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ‹የለም› እያለ ጣቱን ያወዛውዝልኝ ጀመር።»

«ታዲያ አንቺ አትመጪም ነበር?» አላት የማነ፣ እንዳቀረቀረ።

«መጥቻለሁ።»

የማነ ቀና አለ። «መቼ?»

«በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ በእግሬ። በወይኑ ማሳ መካከል ያለውን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከላይ ሆኜ ወደቡን ሳይ ሸሚዝህን አውልቀህ፣ እግርህን ውሃ ውስጥ ከተህ ኮክ ትበላለህ። ትዘፍን ነበር።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ልጠራህ አፌን ከፈትኩ። ግን ሦስት ዓመት ስንተዋወቅ ስትዘፍን ሰምቼህ አላውቅም። ያንኑ ደረጃ ይዤ ተመለስኩ።»

ከታች ካለው ዳቦ ቤት የደንበኞች ድምፅ ይሰማል። የማነን «እውነት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የመጀመሪያውን ቀን ጣቢያ ነው የዋልኩት፤ ፈርቼ ነበር። በማግሥቱ ዋኘሁ። እሷ ብልህ ናት፣ ምንም አትሆንም አልኩ። ከዚያ… ብቻዬን መሆኔ ደስ አለኝ። ልዋሽ?»

«አትዋሽ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

እኔ ክሬንሾው ሰፈር ካለችው ክፍሌ ሬዲዮ ከፍቼ ብቻዬን የምበላ ሰው ነኝ። የማነ የሚለው እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

ለገሠ ተነሣ። «ይኸውና አምኗል! በል ጉልበቷን ሳም። አንቺም ይቅር በይው።»

የማነ ሄዶ ተንበረከከ። ትከሻውን ይዛ አስነሣችው።

«ተው፣ ቁጭ በል። ምን አደረግከኝና?»

አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን አልለቀቀችውም። ከሽምግልና የማውቀው አጥፊውን ለይቶ ማስካስ ነው። ወረቀቴን ደግሜ አየሁት፤ የሚክስ ሰው አጣሁበት። ለገሠም እኔን ያያል።

ኤልፍነሽ ወደኛ ዞረች። እንደ ታላቆቿ ቆጥራን ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደክማችሁልናል፣ እናመሰግናለን። የማነ አልበደለኝም። የሚጠይቅ ካለ ይህንን መስክሩለት። ጥር ላይ ግን ሠርግ የለም። አላገባውም።»