ደረቁ አንሶላ

ያ የአየር ማቀዝቀዣ ሳጥን ሲገዛ ቤቱን ገነት ያደርገዋል ተብሎ ነበር። ከውጭ በኩል በብረት እግሮች ቆሞ፣ በትንሽ ፓምፕ ውሃ ወደ ላይ እየሳበ የእንጨት ፍቅፋቂ በታጨቀባቸው ጎኖቹ ላይ ያወርዳል። ቬንቲሌተሩ ደግሞ የውጩን ትኩስ አየር በእርጥቡ ፍቅፋቂ ውስጥ ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ ግድግዳው ላይ በተከፈተ ፍርግርግ ወደ ውስጥ ይነፋዋል። ነፋሱ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ክፍሉ ለሽማግሌው ተሰጠ፤ አልጋቸውም ልክ ከፍርግርጉ ሥር ተዘረጋ። ለክብራቸው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሆነው ሁሉ የክፉ ሰው ሥራ ስለሚመስል ነው። በዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌውን ሰፈሩ «አባባ ካውያ» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሆቴል አንሶላ ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ናቸው። «የሱሪያቸው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ አንሶላቸውን ራሳቸው ተኩሰው፣ ራሳቸው አንጥፈው ነው የሚተኙት። እንግዲህ አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፋቸው ሲነቁ፣ ራሳቸውን ከወገባቸው በታች ርሰው ያገኙት እኚህ ሰው ናቸው።

ያየቻቸው የልጃቸው ሚስት ናት። አንሶላውን ጠቅልለው፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ሊወጡ ሲሉ ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠሙ። እሷ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሞግዚት ናት፤ እርጥብ አንሶላ የዕለት ሥራዋ ነው።

«ይስጡኝ አባባ፣ ላብ ነው። ሙቀቱ እኮ አይጣል ነው» አለቻቸው።

«አዎ፣ ላብ ነው» አሉ፣ ወለል ወለሉን እያዩ።

ከዚያ ወዲህ «ላቡ» ተደጋገመ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስትነግረው ፊቱን አዞረ። «በቃ፣ አርጅቷላ። እንዳታነሺበት፤ በሐፍረት ይሞትብናል» አላት። ፍራሹ ላይ ላስቲክ ተነጠፈ። ለምን እንደተነጠፈ የጠየቀም የተናገረም የለም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ ቤት ወርቁ ተትረፈረፈ።

አንድ ቀን ሽማግሌው ላስቲካቸውን ጠቅልለው ጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ገቡ። «እዚህ ይሻለኛል። ያ ነፋስ አጥንቴን ነካው» አሉ። በዚያው ቀን ውሃ መጠጣትም ተዉ። ራስጌያቸው የሚቀመጠው ጆግ እንደሞላ ይመለስ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ምራታቸው በልቧ እፎይ ብላ ነበር፤ የሚታጠብ አንሶላ ቀረላት። እፎይታዋ ግን አልቆየም። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ፣ ብድግ ሲሉ ያዞራቸው ጀመር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆመ።

«ካልጠጡ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል። ቀልድ አይደለም» አለች።

ሽማግሌው «እሺ፣ እሺ» አሉ። ቤት ሲደርሱ ወፍ የለም።

በዚሁ መሃል ሳጥኑም በበኩሉ ማፍሰስ ጀመረ። ከሥሩ ያለው ግድግዳ አበጠ፣ ቀለሙ ተላጠ። ባሏ «ነገ አየዋለሁ» እያለ ነገን ሲያስረዝመው፣ እሷ ራሷ ፒንሳና ካቻቪቴ ይዛ ወጣች። መጀመሪያ የቱቦውን መጋጠሚያ ፈታች፤ ጎማው ተበልቷል፤ ቀየረችው። አሁንም ፈሰሰ። ቀጥላ ገንዳው ሲሞላ ውሃውን የምትዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ አየች፤ ቶሎ እንድትዘጋ የኳሷን ክንድ ወደ ታች ጎበጥ አደረገችው። ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሳጥኑ አዘንብሎ ይሆናል ብላ ከአንድ እግሩ ሥር ጣውላ ሸጎጠች። ገንዳውን ከሥሩ ደባበሰችው፤ ቀዳዳ የለውም።

«ታዲያ አንተ ከየት ነው የምታለቅሰው?» አለችው ሳጥኑን።

ሲሠራ ከውስጥ ልየው ብላ ወደ ክፍሉ ገባች። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍታ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ ነፋሱ ሲያገኛት ጋደም አለች፤ ሳታስበው ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሷል።

ክው አለች። ለአንድ አፍታ፣ አታድርስ ነው፣ ራሷን ጠረጠረች። ወዲያው ጉልበቷ ላይ ጠብ ሲል ቀና አለች። ፍርግርጉ ውሃ በደቃቁ ይተፋል። ወጥታ ክዳኑን ብትከፍት፣ ውሃውን ከላይ የሚያከፋፍለው ቱቦ ቀዳዳዎቹ በነጭ ጨው ተደፍነዋል። ውሃው ሁሉ በቬንቲሌተሩ በኩል በቀረችው አንዲት ቀዳዳ ይጎርፋል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ጠብታውን እየጠለፈ አልጋው መሃል ይረጨዋል፤ ትርፉ በጎን ወርዶ ግድግዳውን ይበላል። ሽማግሌው የሚውጡት የግፊት ኪኒን እንቅልፍ ይጥልባቸዋል። ሲነቁ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርጉት መብራት እንዳይባክን ሳጥኑን ማጥፋት ነበር።

ያን ሁሉ አንሶላ ስታጥብ አንድም ቀን አላሸተተችውም። አፍንጫዋን ይዛ፣ ፊቷን አዙራ ነበር የምትነክረው። በማቆያው ሕፃናት ላይ አድርጋው የማታውቀውን በባሏ አባት ላይ አደረገችው። አንዴ ብቻ ብታሸተው የቧንቧ ውሃ መሆኑን ታውቅ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን የቀሚሷን ጫፍ አንስታ አሸተተች።

በሩጫ ሄዳ መንገር ነበረባት። ግን «እርስዎ አይደሉም» ለማለት «እርስዎ ነዎት ብለን ነበር» ማለት ሊኖርባት ነው። ያ አፏ ላይ አልመጣ አለ። መጀመሪያ ልጠግነው፣ ወደ ደረቅ አልጋ ልመልሳቸው፣ ያኔ መናገሩ ይቀለኛል ብላ ራሷን ሸነገለች። ጨዉን በአቼቶ አሟሟችው፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ከፈተች፣ ፍቅፋቂውን በአዲስ ቀየረች። ደህና አድርጋ ሠራችው። እንዲህ ያለ ሥራ ያሠራት ፍርሃት መሆኑን ግን ታውቀዋለች።

በማግስቱ ከሰዓት ዕቃ ቤቷ በር ላይ ቆመች። ውስጡ ምድጃ ነው። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጋደም ብለዋል።

«አባባ፣ እርስዎ አልነበሩም» አለች ሳትቀመጥ። «ሳጥኑ ነው። አልጋው ላይ ሲረጭ የነበረው ሳጥኑ ነው።»

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ከንፈራቸው ስለተሰነጠቀ ፈገግታው አመማቸው።

«መጀመሪያ ላብ ነው አልሽኝ። አሁን ደግሞ ሳጥኑ ሆነ?»

«እውነቴን ነው! እርስዎ ይሙቱ!»

«ልጄ፣ ውሃ ከተውኩ ወዲህ ረጥቤ አላውቅም። እዪው» ብለው ላስቲኩን መታ መታ አደረጉ። «ደረቅ ነው።»

«ከሳጥኑ ሥር ስለወጡ እኮ ነው!»

«አንቺ ደግ ሰው ነሽ» አሉ። «ልጄ በሚስት ታድሏል።»

ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። እየደገፈች ወደ ክፍላቸው ወስዳ አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸውና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። መዳፋቸውን ይዛ ወደ ፍርግርጉ ዘረጋችው። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ነፋስ መጣ። ጠበቁ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልመጣችም።

«ትናንት ጠግኜው ነው» አለች። ድምጿ ለራሷም የውሸታም ድምፅ መሰላት።

«ጎሽ! እጅሽ ይባረክ። ባልሽ ያቃተውን» አሉ፣ እጇን መታ መታ እያደረጉ።

ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እንዳይከፋት ተቀበሏት። ብርጭቆውን ከንፈራቸውን አስነክተው፣ አመስግነው፣ ራስጌው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወደ ዕቃ ቤታቸው ተመለሱ።

እሷ፣ ሲረጭ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑኝም ብላ፣ ፒንሳዋን ይዛ ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ጣውላውን ከእግሩ ሥር መነጨቀችው። የኳሷን ክንድ ወደ ላይ አጎበጠች፤ ውሃው በገንዳው ጠርዝ ሞልቶ መሬቱን አጥለቀለቀው፤ በፍርግርጉ ግን አልመጣ አለ። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወተፈች፤ ሮጣ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ደባበሰች። ደረቅ ነው። ጨርቁን አውጥታ በሳሙና ደፈነቻቸው፤ ገባች፤ ተቀመጠች። ደረቅ ነው።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ጓሮው ኩሬ ሆኖ፣ ሚስቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ አገኛት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዲያፈስ እያደረግኩት ነው» አለችው።

የቁልፍ መያዣውን እንደያዘ ቆሞ ሳጥኑን አየ፣ እሷን አየ። በተከፈተው በር በኩል አልጋው ራስጌ ያለው ብርጭቆ ይታያል።

«አባቴ ጠጣ?» አላት።

በአጠገቡ አልፋ ገባችና እንደገና አልጋው ላይ ተቀመጠች።