ቀን ያልተቆረጠላት ልጅ

አቶ ወልደ ሚካኤል በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሲያገለግሉ አንዲት የሐሰት ቃል አስፍረው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈራቸው ቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. የወጣት አጥፊዎች ደንብ ሲረቀቅም የትርጓሜውን አንቀጽ የጻፉት እርሳቸው ነበሩ። ሦስት ቀን አስበው፣ «መከላከል ማለት ወጣቱን ጥፋት ከማድረሱ አስቀድሞ ከክፉ ቦታ አንሥቶ በማረፊያ ማቆየትና ማስተማር ነው» አሉ። የቆይታውን ልክ ግን አልወሰኑም፤ ላልበደለ ሰው እንደ እስረኛ ቀን መቁጠር ነውር መስሎ ታይቷቸው ነበር።

በዚህ አንቀጽ መጀመሪያ የተያዘችው ጣይባ ናት። የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ኮምቦልቻ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሜዳ ከሐርቡ የመጣ ሎሚ ስትሸጥ ተገኝታ፣ ሳትበላሽ ትጠበቅ ተብሎ እናቷ ወዳለችበት ወደ ደሴ፣ ወደዚሁ ቀበሌ ማረፊያ ተላከች። ከእርሷ በኋላ ስኳር ሰርቀው የገቡ ሁለት ልጃገረዶች ሃያ ሃያ ቀን ተፈርዶባቸው፣ ጨርሰው ወጡ። እርሷ አምስተኛ ወሯን ያዘች። ወልደ ሚካኤል በአንቀጹ የቆይታ ልክ እንዲገባበት ብሩ የተባለውን የሸንጎውን ሊቀ መንበር ሁለት ጊዜ ለምነዋል። «ከበላይ ጸድቆ የወረደ ደንብ ነው። ደግሞም አምሮበታል፤ ለምን ያበላሹታል?» ነበር መልሱ።

ሰኞ ጧት እናቷ ረሂማ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር መጣች።

«ስንቴ ነገርሁሽ፤» አሏት ገና ሳትቀመጥ። «ፍርድ ቢሆን ይግባኝ እጽፍልሽ ነበር።»

«እኮ ይፈረድባት፣ ጋሼ። ሰርቃለች ይበሉልኝ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሰርቃ ታውቃለች?»

«ወላሂ፣ የሰው እንጨት አንሥታ አታውቅም። ብትሰርቅማ ይኼኔ ቤቷ ነበረች።»

«ታዲያ ማን ነው ተሰረቅሁ የሚለው?»

«ጎረቤቱን ሁሉ ለመንሁ። ቁርአን መትቶ፣ ምሎ የሚዋሽልኝ አጣሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቀጹን የጻፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ሐሙስ ሸንጎው ተሰየመ። ዘመኑ ቢለወጥም ሽማግሌዎቹ ያለ መሐላ ቃል አይቀበሉም ነበር። ወልደ ሚካኤል ከጸሐፊው ወንበር ተነሥተው ከሳሽ በሚቆምበት ቆሙ፤ እጃቸውን በወንጌሉ ላይ አድርገው ማሉ።

«ምን ሰረቀችዎ?» አለ ብሩ።

«ብዕሬን። ማረፊያ ክፍሉን ልጎበኝ በገባሁ ጊዜ።»

«ሎሚ ሻጭ ብዕር ምን ያደርግላታል?»

«መሠረተ ትምህርት ልትማርበት ይሆናላ፤» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሸንጎው ሳቀ።

«ወስደሻል?» ሲል ብሩ ጠየቃት።

ጣይባ በር ላይ የቆመችውን እናቷን አየች። «እሳቸው ካሉ ወስጃለሁ። ስንት ቀን ነው?»

«ሃያ። የቆየሽው አይታሰብልሽም፤ እሱ ቅጣት አልነበረም።»

«ከዚያ በኋላ ግን ትለቀቃለች፤» አሉ ወልደ ሚካኤል። «መከላከል ጥፋት ላላደረሰ ነው። እርሷ አድርሳለች።»

«በሉ ይጻፉት፤» አለ ብሩ።

ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ብዕራቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ነበረ፤ ማውጣት አልቻሉም። የብሩን ብዕር ተውሰው፣ ሰርቃለች ብለው ጻፉ። ቀኑን ግን ማንም እንዳይጨምርበት በፊደልም በአኃዝም አሰፈሩት፤ ሃያ (፳)።