የካሞሜ በረኛ ግራ ዓይን

ወረደ በረዶ... በባዶው ሜዳ ላይ ወረደ። በግቡ አግዳሚ ላይ፣ በረገበው መረብ ላይ፣ ከሜዳው ማዶ በታሰሩት የዓሣ ጀልባዎች ላይ ወረደ።

በአካፋ ይዝቁት ነበር ተጫዋቾቹ። ሰሜን ጃፓን ነው፤ ሺራኡራ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ። የክለቡ ስም ካሞሜ፣ የባሕር ወፍ ማለት ነው። በሁለተኛው ሊግ ሰማይ ላይ ዝቅ ብላ ትበር ነበር ወፊቱ... ዝቅ ብላ፣ ክንፏ ውኃ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው።

በረኛው ኢሳኦ ነበር፤ አምበሉም እሱ። እዚያው ወደብ የተወለደ፣ የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሶ የማያውቅ፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው። በረዶ ሲዝቅ ግራ ዓይኑን አሸ። አሸው፣ አልጠራለትም። በረዶ ገብቶበት ነው አለ... በረዶ ነው።

በረዶው ቀለጠ። ዓይኑ አልጠራም።

ሐኪሙ በዝግታ ነገሩት። የዓይኑ ነርቭ እየደረቀ እንደሆነ፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ ቀኙም ግራውን ሊከተል እንደሚችል... ኳስ ፊቱን ቢመታው ደግሞ መከተሉ እንደሚፈጥን። ጨዋታውን እንዲተው መከሩት።

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ ኢሳኦ፣ አመስግኖ ወጣ። ለሚስቱ ለሚዮኮ መነጽር ታዘዘልኝ አላት። ለአሰልጣኙ ምንም አላለም። ምን ይበል? ከግቡ ፊት ካልቆመ የት እንደሚቆም አያውቅም።

ወረደ ዝናብ... የሰኔ ዝናብ ወረደ።

ከዝናቡ ጋር ትመጣ ነበር ኳሷም። ከቀኝ ስትመጣ ያያታል፣ ይዘላል፣ ያቅፋታል። ከግራ ስትመጣ ግን ፉጨቷን ይሰማል እንጂ እሷን አያያትም፤ ዞር ሲል መረቡ ውስጥ ናት።

ከግራ ገባች አንድ ቅዳሜ። ከግራ ገባች በሳምንቱ። ከግራ... ከግራ።

ወረደች ካሞሜ በሰንጠረዡ፣ ከመሃል ወደ ግርጌ፣ ቀስ እያለች። እርጅና ነው አሉ ሰዎቹ፣ በሐዘን እንጂ በክፋት አልነበረም። እውነቱን የጠረጠረ አንድም ሰው የለም... ከሪዮሄይ በቀር።

የግራ ተከላካይ ነበር ሪዮሄይ፤ ከኢሳኦ ጋር በወደቡ አሸዋ ላይ ኳስ እየገፋ ያደገ። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ በኢሳኦ ግራ በኩል የውኃ ኮዳ ዘረጋ። ኢሳኦ አልተቀበለም። ዘርግቶ ቆየ ሪዮሄይ... ቆየ። ከዚያ ዞሮ በቀኙ በኩል ሰጠው።

ከዚያ ወዲያ ይጮህ ጀመር። "ግራ!"

ይጮሃል ሪዮሄይ፣ ወደ ጩኸቱ ይዘላል ኢሳኦ፣ መዳፉ ላይ ትገኛለች ኳሷ። ተመልካቹ የተከላካይ ወግ መሰለው። የሙቀቱን ወራት ሙሉ እንዲህ ኖሩ... አንዱ ዓይን ሆኖ፣ አንዱ እጅ ሆኖ። ወፊቱም ቀና አለች፤ ጥቂት ቀና አለች።

"እስከ መቼ?" አለው ሪዮሄይ አንድ ቀን፣ የጫማውን ጭቃ እያራገፈ።

"ከመውረድ እስክንተርፍ።"

"ቀኝህስ?"

ጓንቱን አወለቀ ኢሳኦ።

ረገፈ ቅጠሉ። ወረደ ብርዱ። አንድ እሑድ ከግራ የሚገሰግሰውን አጥቂ ሊቀድም ሲሮጥ የሪዮሄይ ጉልበት ተጠመዘዘ። በቃሬዛ ወጣ፤ ድምፁም አብሮት ወጣ።

ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄደ ኢሳኦ። ለአሰልጣኙ እንዲነግራቸው ለመነው ሪዮሄይ፣ ተጠባባቂው በረኛ ቢሆን ሁለት ዓይን አለው ብሎ ለመነው። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ ኢሳኦ። ከመጨረሻው በኋላ።

ከግራ ገባች። ከግራ... ከግራ።

የመጨረሻው ጨዋታ በሺራኡራ ነበር። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጥሎ መጣ፣ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሪዮሄይም በክራንች መጣ፤ ከግቡ ጀርባ፣ በግራው ቋሚ በኩል ቆመ።

"ግራ!" አለ። ያዛት ኢሳኦ።

"ግራ!" አለ። በጣቱ ጫፍ ገፋት።

ሊያልቅ ነው። ዜሮ ለዜሮ ነው። ያን ጊዜ ተነሣ ሕዝቡ። አሮጊቱ ተነሣች፣ ሽማግሌው ተነሣ፣ ከበሮው ጮኸ። ስሙን እየጠሩ ዘመሩለት፣ ያተረፋቸውን ሰው፣ የወደባቸውን ልጅ... ኢሳኦ! ኢሳኦ! መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ሌላ ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ።

መጣች ኳሷ። ከግራ መጣች።

ሪዮሄይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። አፉ ሲከፈት ያዩ አሉ። የሰማው የለም።

ወረደች ካሞሜ። ወደ ሦስተኛው ሊግ ወረደች።

ተሰልፈው ለደጋፊው ጎንበስ አሉ ተጫዋቾቹ። የሰደበ የለም። እያለቀሱ ስሙን እንደገና ዘመሩት... ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

መልበሻ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠበቀው ሪዮሄይ።

"ጮኼ ነበር" አለው፤ ድምፁ ከጩኸቱ ብዛት ሻክሮ።

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ..."

"ስሜን ይጠሩ ነበር" አለ ኢሳኦ። "አልሰማሁህም።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ፤ በወደቡ ዳር፣ አንዱ በክራንች፣ አንዱ በዝግታ። ባሕሩ ጥርት ብሏል። የማዶው የመርከብ መብራት ማማ፣ የጀልባዎቹ ገመድ ሳይቀር ወለል ብሎ ይታያል። ኢሳኦ ድንገት ቆመ። ቀኝ ዓይኑን አሸ፤ እንደገና አሸ።

"ጉም ወርዷል እንዴ?" አለ።

ሪዮሄይ ባሕሩን አየ። ሰማዩን አየ። ክራንቹን ወደ ሌላ እጁ አዛውሮ የጓደኛውን ክንድ ያዘ።

"አዎ" አለው። "ወርዷል።"