የሁዳ ጥያቄዎች

ሁዳ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ይመኙሻል በሩን በትከሻዋ ሞልታ ቆመች። ሂጂም አላለቻት፣ ግቢም አላለቻት።

ሁዳ የመናዊት ናት። ጦርነቱን ሸሽታ በጀልባ ጅቡቲ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለነበሩ አማርኛ ትናገራለች፤ ብቻ ቃሉ ሁሉ እንደ ዓረብኛ ከጉሮሮዋ ነው የሚወጣው። የዚያን ዕለት የጅቡቲ ዳርቻ ሰፈሯ ባልባላ እንደ ምጣድ ግላለች፣ የቆርቆሮ ቤቶቹ ግድግዳ አያስነካም። ሴትዮዋ ግን በጥቁር አባያዋ ተሸፋፍና፣ አንድ ከረጢት ሩዝ አቅፋ ቆማለች።

«ለልጅቷ ነው» አለች።

«የትኛዋ ልጅ?»

«ውስጥ ያለችው። ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ማን አመጣት?»

«የእህቴ ልጅ ናት። ማን ያመጣታል? ራሷ መጣች።»

«ስልክ አላት?»

«ምን አስጠየቀሽ?»

የሁዳ ዓይን በይመኙሻል ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ከዚያ ተመልሶ በሩ ላይ ዋለለ። ሩዙን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ «ደህና ዋዪ እህቴ» ብላ ሄደች። ይመኙሻል ሩዙን እዚያው አንስታ ለቤት አከራይዋ ለኢማን ሰጠቻት። ወደ ቤቷ አንድ ፍሬ አላስገባችም።

ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ከስምንት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ፣ እናቷ ቤት፣ አንዲት ሴት ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ መጥታ ነበር። አነጋገሯ ለስላሳ፣ ሳቋ የማይጠገብ ነበር። ስለ ሁሉም ነገር ጠየቀች፤ ስንት ወንድም እንዳላት፣ አባቷ መቼ እንደሞቱ፣ ትዳር ይዛ እንደሆነ። ጅቡቲ ምግብ ቤት ትሠራለሽ ተብላ የሄደችው ይመኙሻል ጋቦዴ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ገብታ ለስድስት ዓመት ልጅ ስታሳድግና ወለል ስትወለውል ኖረች። አሁን እንኳ ከዚያ ወጥታ በተመላላሽነት ሦስት ቤት ታጸዳለች። ለስላሳ ድምፅ ስትሰማ ግን አሁንም አታምንም።

ውስጥ ያለችውን ልጅ፣ ሲምቦን፣ ያገኘቻት ከአራት ወር በፊት ነው፣ ከከተማው መውጫ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት። ከሐረርጌ ተነስተው በእግር ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ አብረዋት የሚሄዱ ልጆች ትኩሳት ሲጥላት ጥለዋት አልፈዋል። በአንድ መኪና ጥላ ሥር ተኝታ ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ተገልብጦ። ይመኙሻል ደግፋ ሚኒባስ ውስጥ አስገባቻት። ሦስት ሳምንት በማንኪያ አበላቻት።

ልጅቷ እንደ ተሻላት አንድ ሰውዬ መጥቶ፣ «ታማሚዋ በረታች? ጀልባው አይጠብቃትም» አለ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ይመኙሻል ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ በቁልፍ ትቆልፈዋለች።

«ለአንቺው ብዬ ነው» ብላታለች። ሲምቦ አልተቃወመችም። አመሰግናለሁም አላለችም።

አሁን ደግሞ ይህቺ ሴት መጣች። ልጅቷ ወደ የመን መንገድ ላይ የነበረች፣ ሴትዮዋ ከየመን የመጣች። ይመኙሻል ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ አላሰበችም።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ፍራሹን ልታራግፍ ስታነሳው ከሥሩ ቁራጭ ወረቀት ወደቀ። ስልክ ቁጥር ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

ሲምቦ ቀና አላለችም። «የሁዳ።»

«የት አግኝታሽ ሰጠችሽ?»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ በመስኮት ታናግረኛለች።»

«ምን ምን ነገርሻት?»

«ስሜን። የእናቴን ስም። አገሬን።»

«ሌላስ?»

ሲምቦ የቀሚሷን ጫፍ ጠቀለለች።

«ሌላስ፣ ሲምቦ?»

«የእህትሽ ልጅ እንዳልሆንኩ።»

ይመኙሻል ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደችው። መጮህ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ኢማንም ጆሮዋ ቀጭን ነው።

በማግስቱ ለአሠሪዋ ታምሜአለሁ ብላ ደወለች። እንደ ወትሮው በሩን ቆልፋ ወጣችና ከአንዲት ጫት ሻጭ ዳስ ኋላ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁዳ መጣች። መጀመሪያ ከኢማን ጋር በዓረብኛ ተንሾካሾኩ። ኢማን በጣቷ በሩን አመለከተች። ከዚያ ሁዳ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ አወራች፤ በፍርግርጉ መሐል እጇን አሾልካ ልጅቷን ስትዳብሳት ይመኙሻል አየች። አከራይዋም አለችበት ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ሁዳ ሚኒባስ ስትይዝ ይመኙሻልም ፊቷን በሻሽ ሸፍና ከኋላ ወንበር ገባች። መሀል ከተማ ወረዱ። ጫቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ የተሰበሰበበት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ይመኙሻል የገዛ ጫማዋ ድምፅ እንዳያጋልጣት ፈራች። ሁዳ ወደ ወደቡ አቅጣጫ ሄዳ አርሂባ የሚባል ሰፈር ገባችና ከተደረደሩት የብሎኬት ቤቶች በአንዱ የብረት በር ከፈተች። ወዲያው ሁለት የአገር ልጆች መጥተው ገቡ። ከዚያ ሦስት። የመጨረሻዋ ገና ልጅ ናት፤ ወደ ኋላዋ ገልመጥ ብላ ነው የገባችው። በሩ ተዘጋ።

ማጎሪያው ይሄ ነው፣ አለች ይመኙሻል። ፖሊስ እንዳትጠራ እሷም የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ልሂድ ብላ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ያቺ ገልመጥ ያለችው ልጅ ፊቷ ላይ መጣችባት። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳችና ተመልሳ በሩን በእግሯ ገፋችው።

አልተቆለፈም ነበር።

ውስጥ አምስት ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ፊት ጠመኔ የያዘች ቀጭን ሴት «ዥ ማፔል…፣ ስሜ…» እያለች ልጆቹ ይከተሏታል። ሁሉም ዞረው ድንጋይ የያዘችውን ሴት አዩ።

መጀመሪያ የተነሳችው ሁዳ ናት። አልደነገጠችም። «ልጅቷስ?» አለች። «ዛሬም ቆልፈሽባት መጣሽ?»

«አንቺ ነሽ እኔን የምትጠይቂኝ? እነዚህን የት ልታሻግሪያቸው ነው?»

ጠመኔ የያዘችው ሴት መሐላቸው ገባች። «ኤሌኒ እባላለሁ» አለች። «የአንድ የመርከብ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። በምሳ ሰዓቴ ፈረንሳይኛ አስተምራቸዋለሁ። እባክሽ ድንጋዩን አስቀምጪው፣ ልጆቹ ፈርተዋል።»

ይመኙሻል ድንጋዩን ልታስቀምጥ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ተከፍቷል። ጽሕፈቱ አማርኛ ነው፣ የገዛ ስሟም አለበት። አነበበችው፦

«ባልባላ። ሲምቦ፣ 19 ዓመት። ከውጭ ይቆለፍባታል። ይመኙሻል የምትባል ሴት፣ አክስቷ ነኝ ትላለች፣ ውሸት ነው። ደላላ ሳትሆን አትቀርም። ልጅቷን የምናወጣበት ቀን ይወሰን።»

ደግማ አነበበችው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ደላላ? እኔ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች ሁዳ። «ኢማን መጥታ ነገረችኝ። ኢትዮጵያዊት ሴት አለች፣ አንዲት ልጅ ይዛ ትቆልፍባታለች፣ ወንድ እየመጣ ይጠይቃል አለችኝ። መጥቼ ብጠይቅሽ ዋሸሽኝ። ሦስት ጊዜ መጣሁ፣ አንድም ቀን አላስገባሽኝም።»

«ከእነሱ ልሰውራት ነዋ! ካንቺ ልሰውራት ነዋ!»

«እሱን እኔ በምን ልወቅ?» የሁዳ ድምፅ ከፍ አለ፣ ከዚያ ወረደ። «እህቴ፣ እኔ አገር፣ ባሕሩ ዳር፣ ከቤታችን ጎን ግቢ ነበር። ከውጭ የሚቆለፍ። ውስጡ ያንቺ አገር ልጆች ነበሩ። ሲያለቅሱ እንሰማለን፤ በእናቴ ቋንቋ ነው የሚያለቅሱት፣ ቃሉ ይገባኛል። ባሌ ዝም በይ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና እኔም ተሰደድኩ። እዚህ ስደርስ መጀመሪያ ውኃ የሰጠችኝ አንዲት ያገርሽ ልጅ ናት።»

ይመኙሻል ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሴትዮዋ እውነቷን ይሁን አይሁን እንኳ አላወቀችም፤ ያቺ የስኳሯ ሴትም እንባ ነበራት። ያም ሆኖ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው ማለት አልቻለችም። ቁልፉ ያለው በገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

«ነይ» አለች ይመኙሻል ተነስታ። «እሷኑ እንጠይቃት።»

በሚኒባስ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባልባላ ደረሱ። ይመኙሻል በሩን ከፈተች። ሲምቦ ሁለቱን በአንድ ላይ ስታይ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«አትፍሪ» አለች ይመኙሻል። «ንገሪያት። እኔ በግድ ይዤሻለሁ?»

ልጅቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። የአማርኛ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ነው የምትናገረው።

«እትዬ፣ አንቺ አድነሽኛል። ሌላው ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፣ አንቺ ግን አነሳሽኝ። ግን በሩ ጠዋት ጠዋት ቀጭ ሲል፣ ባሕሩ ይሻላል እላለሁ። ያ የጀልባው ሰውዬ አንድ ቀን በመስኮት መጥቶ ነበር። ቁልፍ ሰብሬ ላውጣሽ አለኝ። እሺ ልለው ነበር።»

ይመኙሻል እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለምን አላልሽውም?» አለች ሁዳ ቀስ ብላ።

«በማግስቱ አንቺ መጣሽ። የሚያወራኝ ሰው አገኘሁ።» ከዚያ ወደ ሁዳ ዞረች። «አንቺም ቢሆን ልናወጣሽ ነው አልሽኝ እንጂ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ አላልሽኝም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«እሺ፣ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለች ይመኙሻል።

«አሁን? ውጭ። ዝም ብዬ እስከ መንገዱ ድረስ።»

ሄዱ። ሲምቦ መሐል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። ያ ሰውዬ ድንገት ቢመጣ ብለው ሁለቱም አላፊ አግዳሚውን ወንድ ሁሉ እየገላመጡ ነበር። ልጅቷ አንዴ ቆም ብላ፣ «ትንሽ ራቅ በሉልኝ» አለቻቸው፣ ራቁላት።

ዓርብ የጅቡቲ የእረፍት ቀን ስለሆነ ይመኙሻል ሥራ የላትም። ሲምቦን አርሂባ ይዛ ሄደችና ከኋላ አግዳሚ ላይ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። ልማር ብላ አይደለም፣ ልታይ ነው። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ ኤሌኒ ደብተሩ ላይ ምን እንደምትጽፍ።

ቦንቱ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። «እመቤቴ በእረፍቴም ቀን ሥሪ ትለኛለች። ዓርብ አልሠራም በፈረንሳይኛ እንዴት ይባላል?»

ኤሌኒ ሰሌዳው ላይ ረጅም ነገር ጻፈች። ይቅርታ እመቤቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ባይቸግርዎ የሚል ነው።

«እንዲህ ካልሻትማ ሥሪ ትልሻለች» አለች ይመኙሻል ከኋላ፣ ሳታስበው።

ሁሉም ዞሩ። ኤሌኒ አልተቀየመችም፤ ጠመኔውን ዘረጋችላት። ይመኙሻል ሰሌዳው ጋ ደረሰች፤ መጻፉን ግን አትችልበትም፣ ፈረንሳይኛዋ የጆሮ ነው። ጠመኔውን እንደ ያዘች ተናገረች።

«ለ ቫንድርዲ፣ ዥ ን ትራቫይ ፓ። በቃ። ሌላ አትጨምሪበት። ዓይኗን እያየሽ በይው፣ ድምፅሽን አታለስልሺ፣ ብትቆጣም አትድገሚው። እኔ ይቺን ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ወጥ ቤት ውስጥ ለድስቱ ስለማመዳት ነበር።»

ቦንቱ አለችው። ሌሎቹም አሉት። ሲምቦ ከሁሉም ጮክ ብላ አለችው።

ሲበተኑ ሁዳ ደብተሩን ይዛ መጣች። «ከአስተማሪዎቹ ጋር ስምሽን ኤሌኒ ትጻፈው?»

«አትጻፈኝ። ገና አላመንኩሽም።»

«እኔም ገና ነኝ» አለች ሁዳ። «ለዓርብ ግን ነይ።»

መጣች። ከዚያ ወዲያም አልቀረችም። ሁለት ወር ሲሆን ሲምቦ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ አግኝታ፣ ከቦንቱ ጋር አርሂባ አንዲት ክፍል ተከራየች። ይመኙሻል ከፍቷታል፣ ቢሆንም አልከለከለቻትም። ፍራሹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የሰቀሉላት እሷና ሁዳ ናቸው፤ ገመዱን ማን አጥብቆ እንዳሰረው እስከ መሀል ከተማ ድረስ እየተጨቃጨቁ።