በእንጨቱ ወይስ በንፍጡ

ኮኪት እርሻ ላይ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ በምሠራበት ዓመት ክፉ ሳል ገባ። የጤና ባለሙያው ገሰሰ ከጎንደር መጣ። ጥጥ የተጠመጠመበት እንጨት አፍንጫ ውስጥ አዝልቆ ያስገባል፤ ቀጥሎ ሰውዬው ራሱ ብልቃጥ ውስጥ ይናፈጣል። በሽታውን የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳይ ሊያመዛዝን ነው። እምቢ ያለውን ሚሊሻው ዋሴ ጭንቅላቱን ጨምድዶ ይይዛል።

ወንድሜ ቢሻው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አፍንጫውን ተሰብሮ ነበር። «ንፍጤን ውሰዱ፤ እንጨቱ ግን አይገባም» አለ።

«ለአብዮቱ ደንብ የምታወጣው አንተ ነህ?» ብሎ ዋሴ አፉን በጠመንጃው ሰደፍ መታው። ሁለት ጥርሱ ረገፈ፤ ደረቱ ደም ለበሰ።

«ንፍጡ ደም ከገባበት ለምርመራ አይረባም! እንደገና ነው!» ብሎ ገሰሰ ጮኸ።

ዋሴ ሰደፉን ዳግም አነሳ። እኔም በርበሬ የምወቅጥበትን ዘነዘና አነሳሁ። የዋሴን ክንድ ስመታው እንደ ማሽላ አገዳ ቋ ብሎ ተሰበረ። መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲያለቅስ ንፍጡ ወረደ፤ ብልቃጡን ደቀንሁለት።

«በል ተናፈጥ፣ አብዮቱ ይጠብቅሃል!» አልሁት። ተናፈጠ።

ገንዳ ውሃ ከተማ አራት ወር ታሰርሁ። ገሰሰ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንገቱን ደፋ።

«እንጨቱም ንፍጡም በሽታውን እኩል ነው ያሳዩት፣ እትዬ ሸዋዓለም።»

«እንግዲያ ንፍጡ ይበቃል ብለህ ጻፍ» አልሁት። «አሁን፣ እኔ እያየሁህ።»

ጻፈ።