የዴላ ማመልከቻ

«ቤቱን ማቀዝቀዝህ ደግ አደረግህ» አለች ጎረቤቱ ፊሎሚና፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሻይ እየቀዳች። «ዘንድሮ ማን ለሬሳ ክብር ይጨነቃል? ማሞቂያቸውን ለኩሰው ነው የሚያለቅሱት።»

ፊንታን ራሱን ነቀነቀላት። ሬሳ ያረፈበት ቤት እንደማይሞቅ፣ መስኮቱ እንደሚከፈት፣ ሰዓቱ እንደሚቆም በአየርላንድ የሌትሪም ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ማሞቂያውን አላጠፋም። የጠፋው ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ራሱ ነው። ሚስቱ ዴላ በሞተች ማግስት ጠዋት፣ ጓሮ ካለችው ጎጆ ውስጥ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ጋዝ እየጠጣ አገልግሏል። ፊንታን በሽቦ አሰረው፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ በመጨረሻም ሰደበው፤ አልነሳም። ጎረቤቶቹ በካፖርት ተጠቅልለው ሲያመሰግኑት ታዲያ ምስጋናውን እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ይቀበል ነበር።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ዴላ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ መቁጠሪያዋ በጣቶቿ ተጠምጥሞ፣ ሳሎን ውስጥ በሣጥኗ ተኝታለች። የሚመጣው ሁሉ ተሰልፎ የፊንታንን እጅ ይጨብጣል፣ እሷ ዘንድ ተንበርክኮ ይጸልያል፣ ከዚያ ወደ ኩሽና ይነዳል። ሻይና ሳንድዊች ሳይቀምስ የሚወጣ የለም። ኩሽና ውስጥ የሚወራው ስለ እሷ ነው፤ ግን ስለ ውበቷም ስለ ደግነቷም ያነሳ የለም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ማሞቂያ ነው።

ኮረብታው ላይ ብቻውን የሚኖረው ፓኪ የራሱን ሲናገር ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። መንግሥት ለአሮጌ ቦይለር መቀየሪያ ድጎማ እንደሚሰጥ የሚገልጸውን ደብዳቤ «ውድ» ብሎ ስለጀመረ ብቻ ጠርጥሮት ምድጃ ውስጥ ጨምሮት ነበር። ዴላ በዝናብ ኮረብታውን ወጥታ መጣችበት። የተወለደበትን ዓመት ጠየቀችው፤ አያውቀውም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የክርስትና መዝገቡን አስገልብጣ ተመለሰች።

«ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ሳያብጥ ከረመ» አለ ፓኪ፣ እግሩን እንደ ምስክር ወደ ፊት ዘርግቶ።

በመንደራቸው በድሩምካራ ስለ ድጎማው ያልሰማ የለም። ደብዳቤውን አንብባ፣ ያነበበችውን ተረድታ፣ ፎርሙን ሞልታ የጨረሰች ግን ዴላ ብቻ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጣለች፤ ማን ማንበብ እንደሚቸግረው፣ ማን መጠየቅ እንደሚያፍር ታውቃለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ወደ ኩሽናዋ ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ የፖም ኬክ ትጋግራለች። እነሱ ፎርም ሲሞሉ ድንገት ሌላ ጎረቤት ከገባ፣ የኬኩን ሳህን ወረቀቱ ላይ ታሳርፈውና ወሬ ትቀይራለች። እንግዳው ለኬክ የመጣ ይመስላል፤ ማንም አያፍርም። እንዲህ አድርጋ አሥራ ዘጠኝ ቤት አሞቀች። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ ቢኖር ዓለም ሌላ ዓለም ይሆን ነበር።

የገዛ ቤቷ ግን ቆፈን ነበር። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ሴቶቹ ይስቁባት ነበር። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ ፊንታን አሻፈረኝ ብሎ ነው። አባቱ ከማንም አንድ ነገር ሳይጠይቅ ነው የሞተው፤ እሱም እንደዚያው ሊሞት ቆርጧል።

ባለፈው ክረምት አልጋ ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርባ ተኝታ ጉዳዩን አንስታበት ነበር።

«ዕድሜ ልክህን ግብር የከፈልክ ሰው ነህ፤ ያንተው ነው የሚመለስልህ» አለችው።

«ልመና ነው።»

«ፓኪ ለማኝ ነው እንግዲህ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷ ሳቀች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱን እኔ አስለቅቀዋለሁ፤ አንተን ነው ያቃተኝ» አለችና የቀዘቀዘ እግሯን ባቱ ላይ ለጠፈችበት። ጮኸባት። አሁን ያ ቅዝቃዜ ናፈቀው፤ እንዲህ የሚናፈቅ ነገር መሆኑን ማን ነግሮት ያውቃል።

ከቀትር በኋላ ጥቁር ጃኬት የለበሰ፣ በብብቱ ፋይል የያዘ ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ፊሎሚና አፉን ሳይከፍት እጁን ይዛ ሰልፉ ውስጥ ከተተችው። ልጁ ከፊቱ ያሉትን እያየ እንደነሱ አደረገ፦ ፊንታንን ጨበጠ፣ ተንበረከከ፣ አማተበ። ከዚያ ኩሽና ውስጥ ከፓኪ አጠገብ ተቀመጠና የእግሩን ታሪክ ከነመዝገቡ ሰማ። ሦስት ሳንድዊች አበሉት። ፊንታን ከዴላ የድሮ የፖስታ ቤት ባልደረቦች የአንዱ ልጅ መስሎት ነበር። ልጁ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ጆሮው ቀልቶ ወደ እሱ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት። ሮናን እባላለሁ። የመጣሁት ቦይለሩን ልመረምር ነበር። ሴትዮዋ ሲያስገቡኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።»

«የማንን ቦይለር?»

«የዚህን ቤት። ወይዘሮ ዴላ በየካቲት አመልክተው ነበር።»

ፋይሉን ከፈተ። የዴላ ክብ ክብ ጽሕፈት ነው። ከታች ከፊርማዋ አጠገብ ለፊንታን ፊርማ የተተወው ቦታ ባዶ ነው፤ አስመስላ አልፈረመችለትም። መርማሪው የመጣ ዕለት ልትለማመጠው አስባ ኖሯል።

ሮናን እየተንተባተበ አስረዳው። አመልካቿ ስላረፉ ማመልከቻው ይዘጋል። ባለቤታቸው ዛሬ በራሳቸው ስም ከተረከቡት ግን ይቀጥላል። አለበለዚያ እንደ አዲስ ተራ መያዝ ነው፤ ተራው ደግሞ ሁለት ክረምት ሊፈጅ ይችላል።

ኩሽና ያሉት ሁሉ ወደ እነሱ ጠጋ አሉ። የድሩምካራ ሰው ሌላው ቢቀር ጆሮ አለው። ፊንታን ልጁን በትሕትና ሊሸኘው ይችል ነበር፤ ቃሉ አንደበቱ ላይ ደርሶለት ነበር። ግን ዞረና ፊሎሚናን አያት።

«ቤቱን እኔ አይደለሁም ያቀዘቀዝኩት» አላት። «ቦይለሩ ሞቷል።»

«እናውቃለን» አለች ፊሎሚና ስኒ እያጠበች። «ፓኪ ትናንት ጓሮ ወጥቶ አይቶታል።»

«እና ስታመሰግኚኝ የዋልሽው?»

«ታዲያ ምን እንበልህ? ከሷ አይደል የተማርነው።»

ፊንታን ልጁን ጎጆዋ ድረስ ወስዶ ሽቦውንም ሁሉ አሳየው፤ የመንግሥት ሰው ቦይለሩን አየበት፤ ሰማዩም አልተደረመሰም። ተመልሰው ኩሽና ሲገቡ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ጠርገው ቦታ ሰጧቸው። ፊንታን በትዳራቸው አርባ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ፎርም ሞልቶ አያውቅም፤ የምትሞላው እሷ ነበረች። ሮናን የመረከቢያውን ፎርም ጥያቄዎች ቀስ እያለ ያነብለታል፣ እሱ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። ክፍሎች፣ አምስት። መስኮቶች፣ ዘጠኝ።

«በቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት?» አለ ሮናን፤ አንብቦት ሲያበቃ ባላነበብኩት ብሎ ተመኘ።

«ሁለት» አለ ፊንታን።

እስክሪብቶው ግን ወረቀቱን አልነካም። ማንም አላረመውም። በተከፈተው በር በኩል የሣጥኑ ጠርዝና ሰማያዊው የሹራብ እጅጌ ይታያል። ፊንታን ወደዚያ ጥቂት አየና ጎንበስ ብሎ «1» ጻፈ። ከዚያ ቁጥሯን በመዳፉ ሸፈናት፤ ሮናንም የሚቀጥለውን ጥያቄ ሳያነብ ጠበቀው።