የባንኮኒው ቦታ

መጀመሪያ ባንኮኒውን በር አጠገብ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሚገባ የሚወጣውን እያየሁ ልሽጥ ብዬ ነው። እህቴ መጣችና «ደንበኛው ገና ሳይገባ ልትደነቀሪበት ነው?» ብላ ወደ ጥግ አስወሰደችው። በማግስቱ ባሏ መጥቶ መሀል ላይ ገተረው። የልጆች ልብስ ሱቅ በሽርክና እንክፈት ስንባባል ያልተስማማንበት ነገር አልነበረም። ያኔ ግን ባንኮኒ አልነበረንም።

ጎረቤቶቻችን ይሸጣሉ፤ እኛ ባንኮኒ እናዞራለን።

ዛሬ አናጢው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ተጠራ። እየጎተተ ደጃፍ ላይ አወጣውና «ተስማሙና ጥሩኝ፤ እኔ ወገቤን ወድቆ አላገኘሁትም» ብሎን ሄደ። ልብሱ ገና በካርቶን ነው። እኔ አንዱ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፣ እህቴ ሌላው ላይ፣ ባሏ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የመጨቃጨቂያ አቅም እንኳ አልቀረንም።

«በቃ፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን» አልኳት።

«አይ፣ እሱ እንዳለው ይሁን» አለች፣ ወደ ባሏ እያመለከተች።

«ኋላ ሳይሸጥ ሲቀር በእኔ ልታሳብቡ ነዋ!» አለ ባሏ። እሱም ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ሆነ።

በዚህ መሀል አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ብቅ አሉ። የመጀመሪያ ደንበኛችን መሆናቸው ነው። ሦስታችንም ብድግ አልን፤ እህቴ ካርቶን መቅደድ ጀመረች።

«ኧረ ልብስ እንኳ አልፈልግም» አሉ ሴትየዋ፣ ወደ ደጅ እያመለከቱ። «ይሄ ባንኮኒ ይሸጣል?»

እህቴን አየኋት። እሷ ባሏን አየችው።

«ይሸጣል!» አልን፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ።